የተሰማ ቃል በዓል፤ የሂንዱዎች ጊታ ጃያንቲ ከጌዴኦ ደራሮ ጋር ሲተያይ

የሃይማኖትን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ሕዝቦችን «መጽሐፍ ያላቸው» እና «መጽሐፍ የሌላቸው» ብለው በሁለት መክፈል የቆየ ልማዳቸው ነው። በዚህ አከፋፈል መሠረት ሂንዱዎች፣ አይሁድ፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአንድ ወገን ሲመደቡ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖረውን የጌዴኦን ሕዝብ የመሰሉት በሌላው ወገን ይቀመጣሉ። አከፋፈሉ ለመዝገብ አያያዝ ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን የመጽሐፍ ባለቤቶች የተባሉት ራሳቸው መጽሐፋቸውን እንዴት እንደሚያከብሩ በቅርብ የተመለከተ ሰው ክፍፍሉ ጽኑ መሠረት እንደሌለው ይረዳል። ለዚህ መልካም ማስረጃ የሚሆነው ሂንዱዎች በየዓመቱ የብሃገቫድ ጊታን ልደት የሚያከብሩበት ጊታ ጃያንቲ የተባለው በዓል ነው። መጽሐፉ የተጻፈበት ቀን በዚህ በዓል አይታሰብም፤ የሚታሰበው ቃሉ የተነገረበትና የተሰማበት ቀን ነው።

ነገሩ በዲላና በአካባቢዋ ላለ አንባቢ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የጌዴኦ ሕዝብ ሕጉን ሳይጽፍ በጉባኤ እየተናገረና እየሰማ ለብዙ ዘመን ኖሮአል፤ ሕጉ ስላልተጻፈም ሕግ እንደሌለው የተቈጠረበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ የጊታን በዓል ከጌዴኦ ደራሮ ጋር አስተያይቶ መመርመር፣ ቃል የሚጸናው በምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ በሁለት ምስክሮች ፊት እንደማቅረብ ይቈጠራል። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

፩. በዓሉና መሠረቱ

ጊታ ጃያንቲ የሚከበረው ማርጋሺርሻ በሚባለው የሂንዱዎች የጨረቃ ወር፣ ጨረቃ እየሞላች በምትሄድበት እኩሌታ፣ በ11ኛው ቀን ነው። ይህም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከኅዳር አጋማሽ በኋላ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። 11ኛው ቀን «ኤካዳሺ» ተብሎ በየወሩ ለጾምና ለጸሎት የተለየ ስለሆነ፣ የጊታ ልደት ከጾም ጋር የተያያዘ በዓል ነው።

ጊታ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆኖ ቢታወቅም፣ በመሠረቱ ማሃባራታ የተባለው ታላቅ የሳንስክሪት ድርሳን ክፍል ነው። በዚያ ድርሳን ስድስተኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ 18 ምዕራፎችና 700 ያህል ስንኞች አሉት። ታሪኩም ይህ ነው። ከአንድ አያት የተወለዱ የአጎትና የወንድም ልጆች፣ ፓንዳቫዎችና ካውራቫዎች፣ በመንግሥት ርስት ተጣልተው በኩሩክሼትራ ሜዳ ጦር ሰብቀው ቆሙ። ከፓንዳቫዎች ወገን የሆነው ጀግናው አርጁና ሠረገላው በሁለቱ ሠራዊት መካከል እንዲቆምለት ጠየቀ። በወዲያኛው ወገን አጎቶቹን፣ መምህራኑንና የሥጋ ዘመዶቹን ባየ ጊዜ ሰውነቱ ራደ፤ ቀስቱንም ጥሎ ተቀመጠ። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና በዚያች ሰዓት የነገረው ቃል፣ አርጁናም የጠየቀው ጥያቄ፣ ጊታ የተባለው ትምህርት ሆነ።

የአነጋገሩ ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባል። አንባቢው የክሪሽናን ቃል በቀጥታ አይሰማም። የካውራቫዎች አባት የሆነው ዓይነ ስውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ የጦርነቱን ወሬ ይጠይቃል፤ ከሩቅ የማየትና የመስማት ጸጋ የተሰጠው ሳንጃያ የተባለ ባለሟሉም ያየውንና የሰማውን ያወራለታል። እንግዲህ ቃሉ ሁለት ሰሚዎችና አንድ ምስክር አሉት። አርጁና ሰምቶ ተነሣ፤ ንጉሡ ሰምቶ ልጆቹን አልከለከለም፤ ሳንጃያ የሰማውን አደራ አስተላለፈ።

ሂንዱዎች ለቅዱሳት መጻሕፍታቸው የሰጡት ስም ራሱ ይህንኑ ያስረዳል። ከሁሉ የሚበልጡት ቬዳዎች «ሽሩቲ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «የተሰማ» ማለት ነው። ከነርሱ የሚቀጥሉት «ስምሪቲ»፣ ማለትም «የታሰበ» ወይም «በልብ የተያዘ» ይባላሉ። ጊታ በማሃባራታ ውስጥ ስለሚገኝ በሥርዓቱ ከሁለተኛው ወገን ቢቈጠርም፣ በምእመናን ዘንድ የሚሰጠው ክብር ከመጀመሪያው ወገን አያንስም። ከሁለቱ ስሞች አንዱም «የተጻፈ» የሚል ፍች የለውም። ቬዳዎች እጅግ ለረጅም ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተላለፉ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ሳይዛነፍ በቃል ተጠብቀው ኖረዋል። በዜማ ቤት ድጓውን በቃሉ ለማድረስ ዓመታት የፈጀ የኢትዮጵያ ደብተራ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በበዓሉ ቀን ምእመናን ይጾማሉ፤ በየቤተ መቅደሱና በየቤቱ ተሰብስበው 18ቱን ምዕራፎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ያነባሉ፤ ሊቃውንት ይተረጕማሉ፤ ልጆች በቃል ባጠኑት ስንኝ ይወዳደራሉ። በዛሬው ሃርያና ክፍለ ሀገር በሚገኘው በኩሩክሼትራ ደግሞ ተሳላሚዎች ቃሉ ተነገረበት ወደሚባለው ጅዮቲሳር ይሄዳሉ፤ በብራህማ ሳሮቫር ታላቅ ኩሬ ዳርም ሲመሽ መብራት ያበራሉ።

፪. ከድርሳን ክፍል ወደ ሕዝብ በዓል

የአማኞች ትውፊት ቃሉ ከተነገረ ከ5000 ዓመት በላይ እንዳለፈ ይናገራል። የቋንቋና የታሪክ ሊቃውንት ግን በአብዛኛው የጊታን ድርሰት ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ መቶ ዓመታት ግድም ያኖሩታል። ወደ ዛሬ ዘመን የደረሰው የመጀመሪያው ትርጓሜ በ8ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የነበረው የታላቁ ፈላስፋ የሻንካራ ነው። ከእርሱም በኋላ የተነሡ የየትምህርት ቤቱ አለቆች ጊታን መተርጐም የመምህርነት ምስክር ወረቀት ያህል አድርገው ይዘውት ነበር።

ይህ ሁሉ በሳንስክሪት ስለነበረ ከካህናትና ከሊቃውንት ወገን ላልሆነ ሰው ቃሉ ዝግ ነበረ። በሩን ከከፈቱት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው በ1290 እ.ኤ.አ. ጊታን በማራቲ ቋንቋ በግጥም ያብራራው ጅናኔሽቫር ነው። በሥራው መጨረሻ ላይ የጻፈለት ሌላ ሰው መሆኑ ተመልክቷል፤ እርሱ ተናጋሪ፣ ጸሓፊው ሰሚ ነበሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው በማተሚያ መኪና ነው። ቻርልስ ዊልኪንስ ጊታን ከሳንስክሪት ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1785 እ.ኤ.አ. በለንደን አሳተመ፤ የህንድ አገረ ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ መቅድም ጻፈለት። በ1823 እ.ኤ.አ. ኦጉስት ሽሌገል በላቲን ተረጐመው። በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጎራክፑር ከተማ የተቋቋመው የጊታ ማተሚያ ቤት መጽሐፉን በርካሽ ዋጋ እያባዛ ወደ ተራው ቤተ ሰብ አደረሰው። ቀድሞ በጥቂት ሊቃውንት ልብ ተጠብቆ የኖረው ቃል ገንዘብ ያነሰው ሰው እንኳ ሊገዛው የሚችል መጽሐፍ ሆነ። በመጨረሻም መንግሥት ገባበት፤ የሃርያና ክፍለ ሀገር መንግሥት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኩሩክሼትራ የሚከበረውን በዓል ዓለም አቀፍ ብሎ ሰይሞ፣ በአውደ ርእይ፣ በጉባኤና በትርኢት አስፋፍቶ ማክበር ጀመረ።

፫. አንድ ቃል፣ የተለያዩ ሰሚዎች

መጽሐፉ በሁሉ እጅ መግባቱ የቃሉን ትርጕም አንድ አላደረገውም። በ20ኛው መቶ ዓመት የህንድ ታሪክ ውስጥ ጊታን ይዘው የተነሡ ሰዎች እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ነበሩ።

የነጻነት ታጋይ የነበረው ባል ጋንጋዳር ቲላክ እንግሊዞች በበርማ አገር በማንዳላይ እስር ቤት አስረውት በነበረበት ጊዜ ስለ ጊታ ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1915 እ.ኤ.አ.ም ታተመ። ለእርሱ የጊታ ፍሬ ነገር ሥራ ነው፤ ሰው ዓለምን ንቆ ከመሸሽ ይልቅ ግዴታውን ይፈጽም ዘንድ ያስተምራል። ማሃትማ ጋንዲ በበኩሉ ጊታን መጀመሪያ ያነበበው በ1889 እ.ኤ.አ. ግድም በለንደን ተማሪ ሳለ፣ ያውም ኤድዊን አርኖልድ ባዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትርጕም ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. በሳባርማቲ መኖሪያው ለወራት ያህል በየቀኑ ለጓደኞቹ በቃል አብራራው፤ በ1930 እ.ኤ.አ.ም በጉጃራቲ ቋንቋ ተርጕሞ አወጣው። በእርሱ አስተያየት ኩሩክሼትራ በሰው ልብ ውስጥ ያለ የመልካምና የክፉ ጦር ሜዳ ነው፤ ዋጋ ሳይሹ መሥራትም ወደ ሰላም የሚያደርስ መንገድ ነው።

ነገር ግን በ1948 እ.ኤ.አ. ጋንዲን የገደለው ናቱራም ጎድሴም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስቅላት ሲሄድ በእጁ ጊታን ይዞ ነበረ። የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው፣ ከተናቀው ወገን የተወለደው አምቤድካር ደግሞ ጊታ የአራቱን የትውልድ ደረጃዎች ሥርዓት ለመደገፍ የተዘጋጀ መከላከያ ነው ብሎ በብርቱ ተቃወመው።

ገዳይና ተገዳይ አንድ መጽሐፍ መያዛቸው የጽሕፈትን ወሰን ያሳያል። ጽሕፈት ቃልን ከመጥፋት ያድነዋል፤ ከመጣመም ግን አያድነውም። ቃሉ በቀና መንገድ እንዲሄድ የሚያደርገው በፊቱ የሚጠይቅ፣ የሚከራከርና የሚመሰክር ሰሚ መኖሩ ነው። በጊታ ውስጥ እንኳ አርጁና ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ተጠራጥሮ ደጋግሞ ጠይቋል። ትምህርቱ 18 ምዕራፍ የሞላውም ስለዚህ ነው።

፬. የህንድ ቃል ወደ ኢትዮጵያ፤ የኢትዮጵያም የቃል በዓል

ህንድና ኢትዮጵያ የተዋወቁት ከጥንት ነው። በአዱሊስ ወደብ የህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይራገፍ እንደነበረ የቀይ ባሕር የጥንት የመርከበኞች መጽሐፍ ይመሰክራል፤ በ1940 እ.ኤ.አ.ም በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ከሸቀጥ ጋር ታሪክም ተጉዟል። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው የባረላምና የይዋስፍ ታሪክ መነሻው የቡድሃ ሕይወት መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የቡድሃ ታሪክ የክርስቲያን መነኵሴ ልብስ ለብሶ በኢትዮጵያ ገዳማት ሲነበብ፣ ጊታ ግን ወደ ግዕዝ ከተመለሱት መጻሕፍት መካከል አልገባም። በ20ኛው መቶ ዓመት ብዙ የህንድ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል፤ በቅርቡ ዘመንም በዩኒቨርሲቲዎች፣ ከነዚህም አንዱ በሆነው በዲላ፣ አገልግለዋል። እነርሱ ያስተማሩት ግን ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስና እንግሊዝኛ እንጂ ጊታን አልነበረም።

በኢትዮጵያ ምድር ለጊታ ጃያንቲ የቅርብ አምሳያ የሚሆነው የቤተ እስራኤል ስግድ ነው። ስግድ ከማስተሥረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ ስሙም ከስግደት የመጣ ነው። በጎንደር አካባቢ፣ በተለይም በአምቦበር፣ ቀሳውስቱ በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪት ተሸክመው ከሕዝቡ ጋር ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ሕጉ በሲና የተሰጠበትና በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሕጉን የሰማበት ክፍል በግዕዝ ይነበባል፤ ሕዝቡ እንዲረዳውም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጐማል። ሕዝቡ እየጾመ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወርዶ ይበላል፤ ይዘፍናል። ማኅበረ ሰቡ ወደ እስራኤል ከፈለሰ በኋላም በዓሉ በኢየሩሳሌም ቀጥሏል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ አጽድቆታል።

ስግድ መጽሐፉን ወደ ተራራ ያወጣል፤ የበዓሉ ልብ ግን የሕዝቡ መስማትና ቃል ኪዳኑን ማደስ ነው። በጊታ ጃያንቲም የታየው ይኸው ነው። እንግዲህ መጽሐፉ ከመካከል ቢወጣና ተናጋሪው፣ ሰሚውና ምስክሩ ብቻ ቢቀሩ በዓሉ ምን ይመስል ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጌዴኦ ደራሮ ነው።

፭. ሶንጎና ደራሮ

ጌዴኦ በዲላ ዙሪያ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በኮቾሬ፣ በቡሌና በገደብ፣ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ በሚገኙት ተዳፋቶች ይኖራል። እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፍን በአንድ ማሳ ላይ አስማምቶ በማብቀል ይታወቃል። ሕዝቡ ሾሌ ባቴና ሳሴ ባቴ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ቤቶች የተከፈሉ ሰባት ጐሣዎች አሉት። የአስተዳደሩም ሥርዓት ባሌ ይባላል፤ እያንዳንዱ እርከን ስምንት ዓመት ሲሆን፣ በላይ አባ ገዳው፣ ከእርሱም ጋር ሀይቻ የሚባሉ ሽማግሌዎች ይገኛሉ።

የዚህ ሥርዓት መቀመጫ ሶንጎ ነው። ሶንጎ ጉባኤው የሚደረግበት ስፍራም ጉባኤውም ነው። በዚያ ሕግ ይነገራል፤ በደል ይሰማል፤ ክርክር ይደረጋል፤ ዕርቅ ይወርዳል። ሕጉ «ሴራ» ይባላል። ይህ ቃል በአማርኛ የክፉ ምክር ስም መሆኑ፣ በደቡብ ቋንቋዎች ግን ሕግና ሥርዓት ማለት መሆኑ፣ የሁለት ወገን ሰዎች በአንድ ቃል ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ያሳያል። ሴራ በብራና አልሰፈረም፤ የሚኖረው በተናገሩትና በሰሙት ሰዎች መካከል ነው።

ደራሮ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል ነው፤ ስሙም ከአበባ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ ከየሶንጎው ተሰብስቦ ላለፈው ዘመን ማጌኖን፣ ማለትም ፈጣሪን፣ ያመሰግናል፤ ለሚመጣውም ይለምናል። አባ ገዳውና ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፤ ተሰብሳቢው ደግሞ ምርቃቱን በድምፅ ይቀበላል። መራቂው ብቻውን ምርቃትን አይፈጽምም፤ ተቀባይ ድምፅ ከሌለ ቃሉ ጎዶሎ ነው።

ይህ ሥርዓት ብዙ ፈተና አልፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጌዴኦ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የገባርነት ሥርዓት ተተከለ፤ ክስና ፍርድም የሚጻፍበት ቋንቋ የገበሬው ቋንቋ አልነበረም። ወረቀት ያለው ባለርስት ሲሆን፣ የሽማግሌ ምስክር ያለው ገበሬ ጭሰኛ ሆነ። የቡና ምርት ግብር ያስከተለው ምሬት በ1952 ዓ.ም. በሚቺሌ ወደ ደም አፋሳሽ ግጭት አደረሰ። ገባርነትን ያስወገደው የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ነው። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የወንጌላውያን ትምህርት በሰፊው ስለ ተስፋፋ፣ ብዙው ሕዝብ ሌላ መጽሐፍ ተቀብሎ ከጥንቱ ሥርዓት ራቀ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጌዴኦ ቋንቋ በላቲን ፊደል ተጽፎ የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ ደራሮም በአደባባይ፣ በዲላ ከተማ ጭምር፣ በመንግሥት ድጋፍ የሚከበር በዓል ሆኖ ተመለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር፣ ከጥብቅ ደኖቹና ጽሕፈት ከሌለባቸው ጥንታዊ ትክል ድንጋዮቹ ጋር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የኩሩክሼትራና የዲላ በዓላት በዚህ ረገድ ተመሳስለዋል። በሁለቱም ስፍራ የቀድሞው የቃል ሥርዓት በአዲስ መድረክ፣ በድምፅ ማጉያና በእንግዶች ፊት ይታያል። ይህ ክብርን ይጨምራል፤ ሕልውናንም ያራዝማል። ዳሩ ግን ሰሚ ወደ ተመልካችነት ሲለወጥ ቃሉን የመመለስና የመጠየቅ ግዴታው ይቀንሳል። ቃሉን ያጸናው የነበረው ደግሞ ይኸው ግዴታ ነው።

፮. በወንድማማች መካከል የቆመ ቃል

በትውፊት ጌዴኦና ጉጂ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ የጌዴኦ አባት የተባለው ዳራሶ የጉጆ ታላቅ ወንድም እንደነበረ ይነገራል። ሁለቱ ሕዝቦች በጋብቻ፣ በገበያና በሥርዓት ተሳስረው ኖረዋል። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ። ሠረገላው የቆመበት ሜዳ ለጌዴኦና ለጉጂ ሽማግሌ የተረት አገር አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለቱ ሕዝቦች የሚጠቀሙበት ጎንዶሮ የተባለ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። የሁለቱም ወገን አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ይገናኛሉ፤ ከብት ይታረዳል፤ ወደ ደም ላለመመለስም መሐላ ይፈጸማል። መሐላው የሚጸናው ሁለቱም ወገን በአንድ ስፍራ ቆመው ስለ ሰሙት ነው።

እዚህ ላይ ጊታና ጎንዶሮ ይለያያሉ። የክሪሽናን ቃል የሰማው አንዱ ወገን ብቻ ነበረ፤ አርጁና ቀስቱን አንሥቶ ጦርነቱ 18 ቀን ነደደ፤ የተረፉትም ጥቂቶች ሆኑ። በወዲያኛው ወገን የነበረው ዓይነ ስውር ንጉሥ ቃሉን ከሩቅ በወሬ ነው የሰማው፤ መመለስም አልቻለም። ጎንዶሮ ግን ሁለቱ ሠራዊት በአንድነት እንዲሰሙ ያደርጋል። የጊታ ቃል ለአንድ ልብ ጥልቅ ትምህርት ሰጥቷል፤ የጎንዶሮ ቃል ደግሞ ሁለት ወገን ስለ ነገ እንዲማማል ያበጃል። የትኛውም ቢሆን ያለ ሰሚ አይጸናም። በ2010 ዓ.ም. የሆነው ነገርም የጎንዶሮ ቃል ደካማ መሆኑን አያስረዳም፤ የዛሬ ጠብ ከሶንጎ ዛፍ ሥር ብዙ ርቀው በሚኖሩና መሐላውን ባልሰሙ ሰዎች እጅ ጭምር የሚመራ መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ለሕዝብ ባህል ጥናት አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። ዛሬ ተማሪዎች የድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ ሶንጎ እየሄዱ ሕጉንና ምርቃቱን ይሰበስባሉ፤ ሥራውም እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሡ ነውና። ሆኖም የተናጋሪው ቃል ብቻ ተጽፎ የሰሚው መልስ ከቀረ፣ የሚገኘው መዝገብ አርጁና የሌለበት ጊታ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ማን እንደ ተናገረው፣ ማን በፊቱ እንደነበረ፣ ማን እንደ ጠየቀና እንደ ተቃወመ፣ ሕዝቡም በምን ድምፅ እንደ ተቀበለ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ማሃባራታን ያቀናበሩት የጥንት ሰዎች የክሪሽናን ትምህርት ብቻ ለይተው ማስቀመጥ ሲችሉ፣ የአርጁናን ጥርጣሬ፣ የሳንጃያን ምስክርነትና የዓይነ ስውሩን ንጉሥ ጥያቄ ሳይቀር አብረው አቆይተዋል። በሶንጎ ለሚሰበሰበው ቃልም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም።